አርባ አንደኛው ካሴት

ባለፈው ወር ሚክያስ የሚባል ልጅ ኮል አደረገልኝ። ከሥራ ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። በርክሌ ያለ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ሥራዬ የሰው ትንፋሽ ነው። ማሽን አስገባለሁ፣ ማሽን አወጣለሁ፣ «በደንብ ሳቡ፣ ያዙት፣ ልቀቁት» ስል እውላለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስል ውዬ ስወጣ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልአክም ቢደውል አላነሳም። ያን ቀን እንዴት እንዳነሳሁት እንጃ።

«ሩቲ ነሽ? የፀዳለ ልጅ?» አለኝ። ሳይቸግረው በአማርኛ ጀመረና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። እኔም እንደሱ ነኝ፣ አልፈረድኩበትም። ኦክላንድ ውስጥ የድሮ የብሉዝ ቅጂዎችን እየሰበሰበ የሚያወጣ ትንሽ ድርጅት ጋ ይሠራል። ሆሊስ ቴት የሚባል የሞተ አርሞኒካ ነፊ የእህት ልጅ አርባ ካሴት ሰጥታቸዋለች። ሆሊስ ካሴቶቹን በቁጥር ነው ያስቀመጣቸው፤ ካርቶኑ ውስጥ በእጁ የጻፈው ዝርዝር አለ።

«አርባ አንድ ቁጥር ግን የለም» አለኝ። «ዝርዝሩ ላይ 'አርባ አንድ፣ ሩቲ ጋ ነው' ይላል። ሩቲ ማናት ብዬ ስጠይቅ ከርሜ ነው ያገኘሁሽ። አንቺ ጋ ነው?»

እኔ ጋ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እኔ ጋ ነው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከክትባት ካርዴና ከወለቀው ጥርሴ ጋር። አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሆሊስ እኔ ጋ መሆኑን ያውቅ እንደነበረ ደግሞ ገና መስማቴ ነው። አንድ ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ አለቀስኩ። ሲደክመኝ በትንሹም በትልቁም አለቅሳለሁ፤ ይሄኛው ግን የድካም ብቻ አልነበረም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ዌስት ኦክላንድ ውስጥ ሆም ኬር ትሠራለች፤ ሽማግሌ ትንከባከባለች። እኔን የሚይዝላት ሰው ስለሌለ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደዛው ትወስደኛለች፣ የቀጠራት ኤጀንሲ አያውቅም። ሽማግሌው ሆሊስ ነው። እናቴ «ጋሼ ሆሊስ» ትለዋለች፣ ስለሱ ስታወራም አንቱ ብላ ነው። እኔ ከሱ ጋር የኖርኩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱታው አፌ ላይ አይመጣልኝም፤ ይቅር ይበለኝ።

ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከሉዊዚያና በልጅነቱ መጥቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቀን ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ፣ ማታ ማታ መጠጥ ቤት አርሞኒካ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። ቤቱ ቪክስና አሮጌ እንጨት ይሸታል። አሥራ ሁለት አርሞኒካ በጫማ ካርቶን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ አለው። እኛ ነፋ እንላለን እንጂ ዋናው ወደ ውስጥ መሳቡ ነው ይለኝ ነበር። አየሩን በኃይል ስቦ ድምፁን ያጣምመዋል፤ ያኔ አርሞኒካው ሊያለቅስ የፈለገ፣ ግን ያፈረ ሰው ይመስላል። ባቡሩ በቤቱ አጠገብ ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሲያልፍ አርሞኒካውን ከከንፈሩ ሳያነሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ባቡሩ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

በቴፕ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ቀዩንና ጥቁሩን ቁልፍ እኩል መጫን ነው ሥራዬ። የሱ ጣቶች አይታዘዙም ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ የምኮራበትን ያህል እስካሁን በምንም ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ጓደኛ አለው፣ ዊላርድ የሚባል፣ ጊታር የሚጫወት። በወጣትነታቸው አብረው አንድ ሸክላ አስቀርጸዋል፤ ያቺው አንዷ ሸክላ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ዊላርድ የሚኖረው ሳን ሆዜ ነው። ስኳር እግሩን ወስዶበት በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ሆሊስ ደግሞ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ አለ። መንገዱ አርባ ማይል ነው፣ ሁለቱም መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዊላርድ ይደውላል፣ እኔ ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ፣ እሱ ከዛ ጊታሩን ይመታል፣ ሆሊስ ከዚህ ይነፋል። በስልክ! ሲጨርሱ ይሰዳደባሉ። ሌላ ቀን ሆሊስ ብቻውን ያቺን የሸክላዋን ዘፈን ሲነፋ፣ የጊታሩ ተራ ሲደርስ ያቆምና በእግሩ ወለሉን እየመታ የዊላርድን ቦታ ባዶ ይተውለታል።

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ ሰው ፊት ካልነፋሁ» አለኝ አንድ ቀን። «መድረክ አልፈልግም። አንድ ክፍል ሰውና ወንበር። አንዴ ብቻ። ከዛ ይውሰደኝ።»

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። «አይ የኔ ጌታ» አለች፣ ልብሱን እያጠፈች።

ከዚያ ሳንባውን ታሞ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ አጥንትና ሱሪ ብቻ ነበር። እናቴ ሌሊት ጭምር እዛው እንድትሆን ተደረገ፣ እኔም አብሬ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመርኩ። በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው፣ ስልክ ጮኸ። እናቴ አነሳችው። «የስ... የስ... ኦ ሶሪ» አለች፤ ከዚያ የራሷን ሞባይል ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ እዛው ጓሮ፣ ከቆሻሻ ቢኑ ጀርባ ሆኜ በመስኮቱ እየሰማኋት ቺፕስ እየበላሁ ነበር፤ ቺፕስ ተከልክያለሁ። ጓደኛዋ ሙሉመቤት ጋ ደወለች።

«አሁንማ አይነገራቸውም» አለች። «ሐኪሙ እንዳይደነግጡ ብሏል፣ ልባቸው ደክሟል... እሁድ ይሁን፣ በጠዋት። እስከዛ ትንሽ ይጠንክሩ... እኔ ብቻዬን አልችልም ሙሉዬ፣ ሰው ሰብስቢልኝ። ጋሽ ደምመላሽ ይምጡ። ወንበር ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ይዛችሁ ኑ፣ እዚህ ሁለት ነው ያለው... ሩቲ እንዳትሰማ ብቻ፣ አፏ አያርፍም።»

የኛ ሰው እዚህ ላይ ገብቶታል። እኔ ግን እዚህ አገር ተወልጄ ያደግኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ መርዶን ከየት አውቀዋለሁ? አይነገረው፣ እሁድ ጠዋት፣ ሰው፣ ወንበር። አንድ ክፍል ሰውና ወንበር! እናቴ ልታስደስተው ነው፤ ኮንሰርት ልታዘጋጅለት ነው! ቺፕሴን ጥዬ በደስታ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። አፏ አያርፍም ላለችኝ አፌን ዘግቼ ላሳያት ቆረጥኩ።

ያን ቀን የደወለችው የዊላርድ ልጅ ነበረች። አባቷ ሰኞ ዕለት ሞቷል፤ ቀብሩ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ነው፤ ለአጎቴ ሆሊስ ንገሩልኝ ብላለች። እናቴ ለጋሼ ሆሊስ ያሰበችው ለገዛ ወንድሟ የሚደረገውን ነው። ብቻውን በስልክ ሰምቶ ከሚወድቅ፣ ይብላ፣ ይተኛ፣ ከዚያ በጠዋት ትልቅ ሰው ይንገረው፣ የሚይዘውም ሰው ይኑር። በሷ ዘንድ ሩቅ ያለ ሰው ቀብር ካለፈ በኋላ ቢረዳ ማንም አይገረምም። በሱ አገር እንዴት እንደሆነ መጠየቅ አልታሰባትም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ሆነ። ሆሊስ አርሞኒካውን ይዞ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። ስልኩ ዝም አለ። እናቴ ጠዋት ሶኬቱን ስትነቅለው አይቻታለሁ፤ ዊላርድ ምስጢሩን እንዳያወጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዊላርድም እሁድ ይመጣል ማለት ነዋ! ባቡር አለፈ፣ ሌላ ባቡር አለፈ። ሆሊስ አርሞኒካውን በሸሚዙ ይወለውላል።

«ዊላርድ አኩርፎኝ ይሆን?» አለኝ።

«አላኮረፈም» አልኩት፣ ሳቄን እየዋጥኩ። እናቴ ኩሽና ውስጥ ውሃ ከፍታ ቆማለች፤ የምታጥበው ዕቃ አልነበረም።

ቅዳሜ እናቴ ዓሣ ጠበሰችለት፣ እሱ እንደሚወደው በበቆሎ ዱቄት አድርጋ። ወትሮ ጨው በቁንጥር የምትለካ ሴትዮ ያን ቀን እንደ ልብ በተነችው። ራሱ ላይ ቆማ «ፕሊስ ጋሼ፣ ዋን ሞር» እያለች ሦስት ቁራጭ አስበላችው። እሷ አልቀመሰችም። እሱ ጣቱን እየላሰ «እንዲህ ያለ ዓሣ ከእናቴ በኋላ በልቼ አላውቅም» አላት፤ እሷ ፊቷን አዞረች። እኔ ሙገሳ አሳፍሯት ነው አልኩ።

ስታጥብ ጠብቄ ወደ ጆሮው ተጠጋሁ። «ነገ ሱፍህን ልበስ» አልኩት።

«ለምን?»

«ምስጢር ነው።»

ዓይኖቹ እኔ ላይ ቆዩ። «ዊላርድ ነው?» አለኝ።

«አልነግርህም» አልኩት፤ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ሲስቅ ይታወቀኛል። በዚያች ሰዓት ሳን ሆዜ ላይ ዊላርድን ቀብረው እየተመለሱ ነበር።

እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሆሊስ ቡናማ ሱፉን ለብሶ፣ ቱቦውን ከክራቫቱ በላይ አድርጎ ተቀምጧል። እናቴ ሱፉን አይታ ለቤተ ክርስቲያን መስሏት ምንም አላለችም፤ ወንበር ለማውረድ ወጣች። እኔ አዲስ ካሴት ከትቼ፣ ምንም እንዳያመልጠኝ ሁለቱን ቁልፍ ቀድሜ ተጭኜ፣ ቴፑን ደረቴ ላይ አቅፌ በሩን ከፈትኩ።

ስምንት ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ኮት ለብሰዋል። አንዳቸውም አልሳሙኝም። ግድግዳውን ይዘው ዝም ብለው ቆሙ። ጨዋ ተመልካች አልኩ በሆዴ። መናገር የሚገባቸው ጋሽ ደምመላሽ ገና ውጪ ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ከቫናቸው ወንበር ያወርዳሉ።

ሆሊስ እነዚያን ጥቁር ቀሚሶች ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ሉዊዚያናም ቢሆን ሰው በጠዋት ተሰብስቦ ቤት የሚመጣበትን ምክንያት ያውቃሉ። ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩ ጆሮዬን እስኪነካ ተጠግቶ፣ «ሩቲ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም!» አልኩት በሹክሹክታ። «አንተን ሊሰሙ ነው የመጡት።»

የዚያን ሰው ፊት ዛሬም አያለሁ። በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ ብቻውን፣ ማንም ሳይደግፈው፤ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ተነስቶ አያውቅም። ቱቦውን ከአፍንጫው አወለቀ። ያቺን የሸክላዋን ዘፈን ጀመረ።

እናቴና ጋሽ ደምመላሽ ወንበር በሁለት እጃቸው እንዳንጠለጠሉ ሲገቡ እየነፋ ነው። ጋሽ ደምመላሽ እጃቸውን አነሱ፣ መልሰው አወረዱት። እንዴት ብለው ያስቁሙት? የዊላርድ ተራ ሲደርስ አቆመና በእግሩ ወለሉን መታ፤ ያን ባዶ ሲሰሙ ሙሉመቤት አልቻለችም፣ ጮኸች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ደረታቸውን እየመቱ፣ እንባቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ። ሆሊስ አያቸው። ዕድሜውን ሙሉ ሲነፋ እንዲህ ያለቀሰለት ሰው የለም። የባሰ ሳበ፣ የባሰ አጣመመው። እኔም ቴፑን አቅፌ አለቀስኩ፣ በኩራት።

ዛሬ ያን ትንፋሽ በሙያዬ እሰማዋለሁ። በዚያ ሳንባ እንኳን መንፋት ደረጃ መውጣት አይቻልም።

ሲጨርስ አፉን በመሐረብ ጠረገ፣ ዝቅ አድርጎ «ታንክ ዩ» አለና ተቀመጠ። ጋሽ ደምመላሽ ፊት ለፊቱ ወንበር ስበው ጉልበቱን ያዙት። በአማርኛ ተናገሩ፣ ሰው ሁላችንም ተራችንን ነው የምንጠብቀው ብለው ጀመሩ፤ እናቴ ተረጎመችለት። ዊላርድ ሲባል ሆሊስ አልጮኸም፣ አልደነገጠም። እናቴን አላያትም። ቀና ብሎ እኔን ነው ያየኝ።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለ።

እናቴ ጋሽ ደምመላሽን አየች። ደግሞ ጠየቃት።

«ትናንት።»

«ትናንት» አለ። «እሱን አፈር ሲያለብሱት እኔ ዓሣ እበላ ነበር?»

ሰዎቹ ሊያቅፉት ተነሱ፤ ልክ እንደኛ ሰው። በእጁ ከለከላቸው፣ ሁሉም እንዲወጡለት ለመነ። በዚያ ግርግር ካሴቱን አውጥቼ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሆነ ነገር ሰብሬ የደበቅኩ ነበር የመሰለኝ።

በሳምንቱ የእህቱ ልጅ ኤጀንሲው ጋ ደወለች። እናቴን አስወጧት፤ ስለ እኔም እዚያ መዋል ተነሳ። ሴትዮዋን አልፈርድባትም። ከዚያ በኋላ እናቴ ፕሌዘንተን የሚባል ከተማ ቢሮ ስታጸዳ ዓመታት ኖረች። ሆሊስ በፀደይ ሞተ። የነገረን የለም፤ ከተቀበረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሰማነው። ከዚያች እሁድ በኋላም አርሞኒካ አልነካም፤ ዝርዝሩ አርባ አንድ ላይ ያቆማል።

እናቴ ስለዚያ ቀን የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህንኑ አንድ ነገር ደግሞ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ጋሼ ሆሊስ ገብቷቸው ነበር። ገና ሲያዩን ገብቷቸዋል። ሲነገራቸው መች ደነገጡ? ለጓደኛቸው ነው የነፉት፤ ቦታውን ባዶ ትተው። ቀብሩ ቢያመልጣቸውም በደንብ አልቅሰውለታል። እኔ በደልኳቸው፣ ግን እሱን አልነፈግኳቸውም።» ሥራ ስታጣ ይህን ትል ነበር፤ ጉልበቷ ሲያልቅ ይህን ትላለች። በዚህ ነው የምትተኛው። እሱ ቦታውን ሁልጊዜ ባዶ እንደሚተው፣ አርባውም ካሴት ላይ እንደዚያ እንደሆነ፣ አልነገርኳትም። ጆሮው ውስጥ ምን እንዳልኩትም አልነገርኳትም። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። በኋላ ደግሞ በዚያ ስትጽናና ማየቴ አፌን ያዘኝ።

ካሴቱን ለሚክያስ ሰጠሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ፋይሉን ላከልኝና ወዲያው ደወለ፤ ልጁ በደስታ ሊሞት ነው።

«ሰምተሽዋል? መጀመሪያ ላይ ያለችው ልጅ አንቺ ነሽ አይደል? ሹክሹክታው ቁልጭ ብሎ ይሰማል! 'ማን ሞተ' ይላል፣ አንቺ 'ሊሰሙህ ነው የመጡት' ትያለሽ፣ ከዛ ሕዝቡ እንደዛ ሲያለቅስ! ሙሉ ሥራውን በዚያ ድምፅ ነው የምከፍተው።»

«ቁረጠው» አልኩት።

«ምኑን?»

«የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ አንድ ሰከንዶች። ዘፈኑ ከጀመረበት ይጀምር።»

«ሩቲ፣ ልቡ እኮ እሱ ነው።»

«ድምፁ የኔ ነው፣ አልፈቅድም» አልኩት። ካሴቱንም ቢሆን ሊመልስልኝ እንደሚችል ነገረኝ፤ እኔ ግን የቀረውን ሰው እንዲሰማው እፈልግ ነበር። ሰው ፊት ሊነፋ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። እንዳልኩት ቆረጠው። ሙሉው ፋይል ግን ስልኬ ላይ አለ፤ ማጥፋት አልሆነልኝም።

ካሴቱ መገኘቱን ሙሉመቤት ከሚክያስ ሰምታ ለእናቴ ነገረቻት፤ የሷም አፍ አያርፍም። እሁድ ሳን ሆዜ ወረድኩ። እናቴ አሁን እዛ ነው አፓርትመንቷ። ሁለት ሺፍት አከታትዬ መሥራቴ ነበር፣ መሪው ላይ ሁለቴ አንቀላፍቻለሁ። እሷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ጠበቀችኝ።

«በይ አሰሚኝ» አለች።

ስልኬን ጉልበቷ ላይ አደረግኩላት። መንገድ ላይ ልንገራት፣ አልንገራት ስል ነው የመጣሁት። ትልቅ ሴት ናት፣ ልቧ ደካማ ነው፣ ብቻዋን ናት። ሌላ ቀን ይሁን አልኩ። ሰው ባለበት ይሁን። ይህን ለራሴ ስል የራሷን ድምፅ ሰማሁት፣ ከቆሻሻ ቢኑ ጀርባ ሆኜ።

ሃምሳ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ ተጫንኩት።

ሆሊስ ሳበ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። የዊላርድ ባዶ ቦታ ሲደርስ እግሩ ወለሉን ሲመታ ተሰማ፤ በስተኋላ ባቡር አለፈ፣ እሱ ግን ለዚያ ባቡር አላቆመም። የሙሉመቤት ጩኸት፣ የሰዎቹ ለቅሶ፣ ከዚያ ያ ቀጭን «ታንክ ዩ»። እዚያ ላይ አጠፋሁት።

«አየሽ?» አለች፣ በመዳፏ ፊቷን እየጠረገች። «አላልኩሽም? ገብቷቸው ነበር።»

«አዎ እማዬ።»

«በሩን የከፈትሽው አንቺ ነበርሽ፣ አይደል?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ሲያዩን ምንም አላሉም?»

ሰው ሲጨነቅ ትንፋሹን እንደሚይዝ በሥራዬ አውቃለሁ። እሷ ይዛለች።

«ምንም አላሉም» አልኳት።

ለቀቀችው። ትከሻዋ ወረደ፣ ጀርባዋን ሶፋው ላይ አስደገፈች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች፣ «ከመጀመሪያው።»

ወደ ሃምሳ ሁለተኛው ሰከንድ መለስኩላት።